ጠያቂ ያለው እስረኛ

ባለፈው ሰሞን አንደኛውን የዓለም ጦርነት እያስተማርኩ ነበር። ሳራዬቮ፣ የአርክዱኩ ግድያ፣ የኃያላኑ ቃል ኪዳን፣ ምሽጉ፣ መርዝ ጋዙ... እንደተለመደው። ደወሉ ሊደወል ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ያኔ አልዋጋም ያለ ሰው አልነበረም እንዴ?» አለኝ። «ነበረ እንጂ! እንግሊዝ አገር ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ታስረዋል» አልኩት። ይበቃዋል ብዬ መጽሐፌን መሰብሰብ ስጀምር ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣው። «እና ታስረው ማን ይጠይቃቸው ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጥያቄው የኛ አገር ልጅ ጥያቄ ነው። እገሌ ታሰረ ሲባል ቀድመን የምናስበው ክሱን አይደለም፤ ማን ይጠይቀዋል፣ ማን ስንቅ ያቀብለዋል የሚለውን ነው። ልጁም የጠየቀው ይህንኑ ነው። መልስ ደግሞ አለው፤ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ግን አይደለም። ለእሱም ለእናንተም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕጉ እንጀምር። ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ እንግሊዝ እንደ ጀርመንና እንደ ፈረንሳይ የግዴታ ውትድርና አልነበራትም። ሠራዊቷ የፈቃደኞች ሠራዊት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው በገዛ ፈቃዱ ተመዘገበ። ምሽጉ ግን ሰው ይበላል፤ ይህም አልበቃም። ስለዚህ በጃንዋሪ 1916 ፓርላማው የውትድርና አገልግሎት ሕግ አወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 41 የሆነ ያላገባ ወንድ ሁሉ የሚገደድበት ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ደግሞ ባለትዳሮችም ተጨመሩ።

የሕጉን አጻጻፍ ልብ በሉ። «ና ወታደር ሁን» አይልም፤ «ወታደር ሆነሃል» ነው የሚለው። ቀኑ ከደረሰ በኋላ ሰውየው ቤቱ ተኝቶም ቢሆን በሕጉ ዓይን የተመዘገበ ወታደር ነው። ካልቀረበ ከጦሩ እንደከዳ ይቆጠራል። ፖሊስ ይዞት ለጦሩ ያስረክበዋል። የደንብ ልብስ ልበስ ሲባል እምቢ ካለ፣ ትዕዛዝ የጣሰ ወታደር ነውና የጦር ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል።

ሆኖም ሕጉ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ሕሊናው መዋጋትን የማይፈቅድለት ሰው ችሎት ፊት ቀርቦ ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ይህ አንቀጽ እንዲገባና እንዲሰፋ ከደከሙት መካከል ሁለት የፓርላማ አባላት ይገኛሉ፤ ቲ. ኤድመንድ ሃርቪ እና አርኖልድ ራውንትሪ። ሁለቱም ኩዌከሮች ናቸው።

ኩዌከሮች እነማን ናቸው? ትክክለኛ ስማቸው «የወዳጆች የሃይማኖት ማኅበር» ነው። በ1650ዎቹ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት፣ ጆርጅ ፎክስ በሚባል ሰባኪ ዙሪያ የተሰባሰቡ ክርስቲያኖች ናቸው። አምልኳቸው እኛ ከምናውቀው በጣም ይለያል። ቄስ የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ መዝሙር የለም። ተሰብስበው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው መንፈስ ያነሣሣው ሰው ካለ ተነሥቶ ይናገራል፤ ከሌለ ዝም እንዳሉ ይለያያሉ። ጦር መሣሪያ አንሥተን አንዋጋም የሚለውን አቋማቸውን ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በጽሑፍ ያቀረቡት በ1660 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመላው ብሪታንያ 20,000 እንኳ የማይሞሉ ትንሽ ማኅበር ነበሩ።

ለዛሬው ጨዋታችን ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች እስር ቤትን ያውቁታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕጉ ከሚፈቅደው ውጪ ስለሚሰበሰቡና በመሐላ ስለማይምሉ በሺዎች ታስረዋል፤ ብዙዎቹም እዚያው ሞተዋል። ያኔ፣ በ1670ዎቹ፣ አንድ ጉባኤ አቋቋሙ። ስሙ «የመከራዎች ጉባኤ» ይባላል። ሥራው ማን የት እንደታሰረ፣ ንብረቱ ምን ያህል እንደተወረሰ፣ ቤተሰቡ በምን እንደሚኖር እየመዘገቡ መከታተልና ስለታሰሩት ባለሥልጣን ዘንድ አቤት ማለት ነበር። ስደቱ ካለፈ በኋላም ጉባኤው አልተበተነም፤ ስሙንም አልቀየሩትም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ደግሞ ኤልዛቤት ፍራይ የምትባል ኩዌከር ሴት ለንደን በሚገኘው ኒውጌት እስር ቤት ሴቶችን እየጠየቀች ስሟ በመላው አውሮፓ ታወቀ። እና 1916 ሲመጣ ለእነሱ እስረኛ መጠየቅ አዲስ ነገር አልነበረም። ከአያት የወረሱት ሙያ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ችሎቶቹ እንመለስ። በአገሪቱ 2,000 ያህል የአካባቢ ችሎቶች ተቋቋሙ። የሚቀመጡባቸው ብዙ ጊዜ የከተማው ታላላቅ ሰዎች፣ ነጋዴዎችና የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ከጎናቸው የጦሩ ተወካይ አለ። በየችሎቱ የሚደጋገም ጥያቄ ነበር፤ «አንድ ጀርመናዊ እህትህን ሊደፍራት ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?» ወጣቱ ምን ቢመልስ አያመልጥም። እከላከላለሁ ካለ «እንግዲያው ትዋጋለህ» ይሉታል። አልከላከልም ካለ ደግሞ ወንድ አይደለህም ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ የማያምር እውነት አለ። ኩዌከር ሆኖ የተወለደ ሰው ሲቀርብ ችሎቱ ቢያንስ ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ የሃይማኖቱ አቋም ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያስቆጠረ ነው። ሶሻሊስት የሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ ቀርቦ «የጀርመን ሠራተኛ ወንድሜ ነው፣ አልገድለውም» ሲል ግን ይህ ፖለቲካ እንጂ ሕሊና አይደለም ተብሎ ይባረራል። በጠቅላላው ወደ 16,000 ሰው በሕሊና ምክንያት ውትድርናን ተቃውሟል፤ የቅርብ ጊዜ ቆጠራዎች ቁጥሩን ወደ 20,000 ያስጠጉታል። ከእነዚህ 6,000 ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታስረዋል። ከታሳሪዎቹ ውስጥ ብዙኃኑ ኩዌከሮች አልነበሩም። ሶሻሊስቶች፣ ሜቶዲስቶች፣ ዛሬ የይሖዋ ምስክሮች የምንላቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎች፣ ሃይማኖት የሌላቸውም ነበሩ።

ኩዌከሮቹስ ሁሉም አንድ ልብ ነበሩ? አልነበሩም። ይህን የምጽፈው ታሪኩ እንዳይለሰልስ ነው። ለውትድርና ዕድሜያቸው ከደረሰ ኩዌከር ወንዶች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማኅበራቸው ለዘመናት ያስተማረውን ትተው ዘምተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ፊሊፕ ቤከር በ1914 ባቋቋመው የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ ገብተው ፈረንሳይና ቤልጅየም ላይ ቁስለኛ አነሡ። (በነገራችን ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደገና የተቋቋመው ይህ ጓድ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ አገራችንም መጥቶ በሕክምና አገልግሏል።) ሦስተኛዎቹ ደግሞ «ቁስለኛ ማንሣትም በግዴታ ከሆነ ያው የጦርነቱ ማሽን አካል መሆን ነው» ብለው ሁሉንም እምቢ አሉ።

የኮርደር ካችፑል ታሪክ ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ያሳያል። ጦርነቱ እንደጀመረ በአምቡላንስ ጓዱ ገብቶ ፈረንሳይና ቤልጅየም ውስጥ ቁስለኞችን ሲረዳ ቆየ። ለ1914 ዘማቾች የተሰጠውም ሜዳሊያ ደርሶታል። የግዴታ ውትድርናው ሕግ ሲወጣ ግን ጓዱን ለቆ አገሩ ተመለሰ፤ በፈቃዱ ያደርገው የነበረውን በግዴታ አላደርግም አለ። ከሁለት ዓመት በላይ ታሰረ። ፈሪ ነው እንዳይባል እሳቱ ያለበት ቦታ ቆይቶ የመጣ ሰው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። በሜይ 1916 ጦሩ የተወሰኑ እምቢተኞችን ወደ ፈረንሳይ አሻገረ። ነገሩ ግልጽ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ትዕዛዝ የጣሰ ወታደር ይታሰራል፤ ግንባር ላይ ትዕዛዝ የጣሰ ግን ሊረሸን ይችላል። ከተወሰዱት መካከል በሰሜን እንግሊዝ ሪችመንድ ግንብ ውስጥ ታስረው የነበሩ 16 ሰዎች ይገኙበታል። ከእነሱ አንዱ በርት ብሮክልስቢ ይባላል፤ ሜቶዲስት ነው፣ ሥራው ደግሞ መምህርነት። (የሙያ ባልደረባ ስለሆነ ትንሽ ላዳላለት።) በሪችመንድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የእጮኛውን መልክ በእርሳስ ሥሏል፤ እስረኞቹ የጻፉትና የሣሉት ዛሬም እዚያ አለ።

ብሮክልስቢ የት እንደሚወስዱት ለቤተሰቡ መናገር ነበረበት። የተሰጠው ግን የጦር ሜዳ ፖስታ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ «ደኅና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ»፣ «ደብዳቤህ ደርሶኛል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ታትመዋል፤ ወታደሩ የማይመለከተውን ከመሰረዝ በቀር አንዲት ቃል መጨመር አይችልም። ብሮክልስቢ ምን አደረገ? አልጨመረም፤ ሰረዘ። ከታተሙት ቃላት ውስጥ ፊደል እየመረጠ ሌላውን ሁሉ ሲሰርዝ፣ የቀረው ተገጣጥሞ ሲነበብ ወደ ቡሎኝ እየተወሰድኩ ነው ይላል። ካርዱ በሳንሱር አልፎ ወላጆቹ እጅ ገባ። ቦታው ታወቀ፤ ጉዳዩም ወደ ፓርላማ አባላት ጆሮ ደረሰ።

በዚያው ወቅት ኩዌከሩ ጋዜጠኛ ሁበርት ፒት ከባፕቲስቱ ሰባኪ ከኤፍ. ቢ. ሜየር ጋር ፈረንሳይ ድረስ ተሻግሮ እስረኞቹን ጠየቀ። ጦርነት እየተካሄደ፣ የገዛ አገርህ ጦር ሊረሽናቸው የሚችላቸውን ሰዎች ለመጠየቅ ባሕር መሻገር ቀላል ነገር አይደለም። ፒት ምን ይዞላቸው ሄደ? የሚያስፈታ ወረቀት አልነበረውም። ያሉበት ቦታ እንደሚታወቅ፣ እንዳልተረሱ ግን ሲያዩት ገባቸው።

ጁን 15 ቀን 1916 ቡሎኝ አጠገብ በሚገኝ የጦር ሰፈር የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች በተሰለፈ ጦር ፊት ቀረቡ። ቀዳሚው ሃዋርድ ማርተን የሚባል ኩዌከር የባንክ ጸሐፊ ነው። መኮንኑ ፍርዱን አነበበ፤ በጥይት ተደብድቦ እንዲሞት። ቆም አለ። ቀጥሎም ፍርዱ በዋና አዛዡ በጄኔራል ዳግላስ ሄግ መጽደቁን አነበበ። እንደገና ቆም አለ። ከዚያ በኋላ ነው ቅጣቱ ወደ 10 ዓመት ጽኑ እስራት መቀየሩን የተናገረው። በእነዚያ ቀናት 35 ሰዎች እንዲህ ዓይነት ፍርድ ተነበበላቸው፤ አንዳቸውም ግን አልተረሸኑም። ለምን? ጠቅላይ ሚኒስትር አስኲዝ አይረሸኑም ብሎ ለፓርላማው ቃል ስለገባ። እሱስ ለምን ቃል ገባ? ሰዎቹ የት እንዳሉ የሚያውቅና የሚወተውት ሰው ስለነበረ ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው በጸጥታ ይጠፋል። ስሙ የሚጠራ ሰው ግን አስቸጋሪ ነው።

ይህን ሥራ ኩዌከሮች ብቻቸውን አልሠሩትም። ወጣቱ ጋዜጠኛ ፌነር ብሮክዌይ ከባለቤቱ ጋር መክሮ በ1914 መጨረሻ ያቋቋመው «የግዴታ ውትድርና ተቃዋሚዎች ማኅበር» ነበረ። ኩዌከሮች በበኩላቸው በ1915 የወዳጆች የአገልግሎት ኮሚቴ አቋቁመው ከዚህ ማኅበር ጋር አብረው ሠሩ። መሪዎቹ አንድ በአንድ ሲታሰሩ ሥራውን የያዙት በብዛት ሴቶች ናቸው። ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል የነበረችው ካትሪን ማርሻል የመዝገብ ካርድ ሥርዓት ዘረጋች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ነው፤ መቼ ተያዘ፣ የትኛው ችሎት ቀረበ፣ ስንት ተፈረደበት፣ አሁን የት እስር ቤት ነው። ፖሊስ ቢፈትሽ እንዳይጠፋ ካርዱ ቅጂ ነበረው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳችሁ የመከራዎች ጉባኤን መዝገብ አስታውሱ። ሥራው አንድ ነው፤ ስም መጻፍ።

እስር ቤቱ ራሱ ምን ይመስል ነበር? ከ1916 አጋማሽ ጀምሮ እስረኞቹ ወደ ሲቪል እስር ቤቶች ይላኩ ጀመር፤ ወርምውድ ስክራብስ፣ ዋንድስወርዝ፣ ዊንቸስተር፣ ሌሎችም። የተለመደው የመጀመሪያ ቅጣት 112 ቀን ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ነው። መጀመሪያ ላይ ያለ ፍራሽ እንጨት ላይ ይተኛሉ። ሥራው የፖስታ ከረጢት መስፋት ነው። ደብዳቤ ለመጻፍም ሆነ ሰው ለማየት ሁለት ወር መጠበቅ አለባቸው። ስንቅ የሚባል ነገር አይገባም። 112 ቀኑ ሲያልቅ ደግሞ አይፈቱም፤ ለጦሩ ይመለሳሉ፣ እንደገና የደንብ ልብስ ልበስ ይባላሉ፣ እንደገና እምቢ ይላሉ፣ እንደገና ይፈረድባቸዋል። ሦስት፣ አራት ጊዜ የተመላለሱ አሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን የዝምታው ደንብ ነው። እስረኛ ከእስረኛ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። አብረው ክብ ሠርተው ይራመዳሉ፤ አይነጋገሩም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ አይነጋገሩም። የተያዘ ሰው ደረቅ ዳቦና ውኃ ብቻ እየተሰጠው ለብቻው ይዘጋበታል። ሰዎቹ ግን መላ አላጡም፤ ግድግዳና ቧንቧ እያንኳኩ በሞርስ ተነጋገሩ። ዊንቸስተር እስር ቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ በድብቅ ሲዞር ነበር፤ «የዊንቸስተሩ ሹክሹክታ» እንበለው። ዛሬ በለንደን የኩዌከሮች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል።

የልጁን ጥያቄ የሚመልሰው ክፍል እዚህ ነው። የእንግሊዝ እስር ቤት ሕግ እስረኛ በሃይማኖቱ የሚያጽናናው ሰው እንዲጎበኘው ይፈቅዳል። ለአንግሊካኑ አንግሊካን ቄስ፣ ለካቶሊኩ ካቶሊክ። ኩዌከሮች ደግሞ ቄስ የላቸውም። ስለዚህ ማኅበሩ ተራ አባላቱን መድቦ በየእስር ቤቱ ላከ። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ሽማግሌዎች። በማንቸስተር ከነበሩት አንዱ ጆን ዊልያም ግራሃም ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ የነበረ ሰው፣ በኋላም በ1922 የእነዚህን ሰዎች ታሪክ በሰፊው የጻፈ።

ጠያቂዎቹ እየገቡ ለኩዌከሮች የሚገባውን የአምልኮ ስብሰባ ያደርጉ ነበር። ይኸውም ተሰብስቦ ዝም ማለት ነው! እስቲ አስቡት። ቀኑን ሙሉ በግዳጅ ዝም የተባለ ሰው አሁን ከወዳጆቹ ጋር በፈቃዱ ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዝምታ ሰውን ከሰው ለመለየት የተደነገገ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አብሮ ለመሆን። ኩዌከር ያልሆኑ እስረኞችም በእነዚህ ስብሰባዎች ለመገኘት እየጠየቁ ተመዝግበዋል። ሶሻሊስቱም፣ እግዚአብሔርን የማያምነውም። ጠያቂዎቹ «አንተ የኛ አይደለህም» ብለው በሩን አልዘጉም።

ከውጪ ደግሞ የታሳሪ ሚስትና እናት ነበረች። ደመወዙ ተቋርጧል፣ ጎረቤት ፊቱን አዙሯል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የፈሪ ልጅ ይባላሉ። ለቤተሰቦች ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ሰው እየሄደ ጠየቃቸው። የባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች የሆኑት መንትዮቹ ኤዲትና ማሪያን ኤሊስ ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አውጥተዋል።

በመካከላቸው ጠብ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በወዳጆች የአገልግሎት ኮሚቴ ውስጥ «የእስር ቤቱ ኑሮ ይሻሻልልን፣ ይፈቱልን ብለን መለመን የለብንም፤ ወንድሞቻችን የገቡት ለምስክርነት ነው» የሚሉ ጥብቅ ሰዎች ነበሩ። ካትሪን ማርሻልና ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በዚህ ተበሳጭተዋል። ሰው እየታመመ፣ አእምሮው እየታወከ ስለ ምስክርነት ንጽሕና መከራከር! እኔ እንደ አንባቢ ከእነ ማርሻል ጋር ነኝ። ሆኖም ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሌላው ሰው የመረጠውን መከራ አንተ ልታሳንስለት መብት አለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለበት።

ሁበርት ፒትን አስታወሳችሁት? ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ እስረኛ የጠየቀው። ብዙም ሳይቆይ እሱም ታሰረ። የመጀመሪያውን ቅጣቱን ታሪክ «112 ቀን ከከባድ ሥራ ጋር» በሚል ርዕስ ጻፈው። ጠያቂ የነበረው ተጠያቂ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን የአንዲት እናት ነገር ነው። ስቲቨን ሆብሃውስ ከትልቅ ባላባት ቤተሰብ ተወልዶ ኢተንና ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነበር። ኩዌከር ከሆነ በኋላ ርስቱን ትቶ በለንደን የድሆች ሰፈር ኖረ፤ ጦርነቱ ሲጀመር እንግሊዝ ውስጥ የተቸገሩ ጀርመኖችንና ኦስትሪያውያንን የሚረዳ ኮሚቴ መራ። ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ ደግሞ «ተደብቄ አላንሾካሽክም፤ ዝምታው ስሕተት ነው ብዬ ስለማምን በግልጽ እናገራለሁ» አለ። በዚህም ለብቻው ተለይቶ ተዘጋበት፤ ጤናውም ተጎዳ። ወንድሞቹ በዚያው ጊዜ በጦሩ ውስጥ መኮንኖች ነበሩ።

እናቱ ማርጋሬት ሆብሃውስ በልጇ ሐሳብ አልተስማማችም። ጦርነቱ ትክክል ነው ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ግን ልጇ ነው። በ1917 ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ እስራት አንድ መጽሐፍ በስሟ አወጣች፤ ዋና ጸሐፊው በርትራንድ ራስል እንደነበር በኋላ ታውቋል። መጽሐፉ በሺዎች ተሸጠ፤ ጦርነቱን የሚደግፉ ሰዎች ሳይቀሩ «እነዚህ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ግን ሦስት ጊዜ አራት ጊዜ ማሰር ምን ይባላል?» ማለት ጀመሩ። በዲሴምበር 1917 ስቲቨንን ጨምሮ ጤናቸው የተጎዳ 300 ያህል እስረኞች ተፈቱ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በማርች 1918፣ የማርጋሬት የመጨረሻ ወንድ ልጅ ፖል ግንባር ላይ ተገደለ። አንዷ እናት ለአንዱ ልጅ እስር ቤት፣ ለሌላው መቃብር።

የጠያቂዎቹም ተራ መጣ። በ1917 መጨረሻ መንግሥት ስለ ጦርነቱና ስለ ሰላም የሚጻፍ በራሪ ወረቀት ሁሉ ከመታተሙ በፊት ሳንሱር እንዲያየው አዘዘ። የመከራዎች ጉባኤ ተሰብስቦ ሕሊናችን የሚያዘንን ለማተም ፈቃድ አንጠይቅም ብሎ ወሰነ። ውሳኔውንም አልደበቁም። የአገልግሎት ኮሚቴው ስለታሰሩት ሰዎች የሚናገር በራሪ ወረቀት ያለ ሳንሱር አሳትሞ አሰራጨ። በሜይ 1918 ሦስቱ ኃላፊዎች ለንደን ጊልድሆል ችሎት ቀረቡ። የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት አባሉ ሃሪሰን ባሮው እና አርተር ዋትስ እያንዳንዳቸው ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ሦስተኛዋ ኤዲት ኤሊስ ናት። በእሷ ላይ የተፈረደው 100 ፓውንድ መቀጮና የችሎት ወጪ ነው። ባለጸጋ ናት፣ ከፍላ ቤቷ መግባት ትችላለች። አልከፍልም አለች፤ ሆሎዌይ እስር ቤት ሦስት ወር ገባች።

ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ቢያበቃም እስረኞቹ ወዲያው አልተፈቱም። ወታደሩ ሳይመለስ እምቢተኛው አይፈታም የሚል ስሜት ነበር፤ ስሜቱንም እረዳዋለሁ። የመጨረሻዎቹ የወጡት በኦገስት 1919 ነው። ለአምስት ዓመት የመምረጥ መብታቸውን ተነጠቁ። በእስርና በሥራ ካምፕ፣ ወይም በዚያ ባገኛቸው በሽታ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የመጀመሪያው ዋልተር ሮበርትስ ነው፤ አርክቴክት ነበር፤ ስኮትላንድ ውስጥ ዳይስ በሚባል የድንኳን ካምፕ ታሞ በሴፕቴምበር 1916 ሞተ።

ምን ተረፈ? ሆብሃውስና ብሮክዌይ ሁለቱም ከእስር ወጥተው የእንግሊዝን እስር ቤቶች ሁኔታ የሚያጋልጥ ትልቅ ጥናት በ1922 አሳተሙ፤ ከዚያ ወዲህ ለመጡት ማሻሻያዎች ትልቅ ግፊት ሆነ፣ የዝምታው ደንብም ላላ። ብሮክልስቢ ከኩዌከሮች ጋር ተቀላቅሎ በጦርነቱ በተራቡት በኦስትሪያ ሰዎች መካከል በእርዳታ ሠራ። በ1939 ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ መንግሥትም የተማረው ነገር ነበር። ወደ 60,000 ሰው በሕሊና ምክንያት አልዋጋም ብሎ ተመዘገበ፤ ከእነሱ የታሰሩት ድርሻ ግን ከአንደኛው ጦርነት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ኩዌከሮች ደግሞ በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ዓድዋን እያከበርኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። አገር ተወርራ «ሕሊናዬ አይፈቅድም» የሚል ጎረቤት ቢኖረኝ ልቤ ይቀበለዋል ብዬ አልዋሽም። አይቀበለውም። ምናልባት ያኔ እንግሊዝ ብኖር ኖሮ ችሎት ላይ ተቀምጬ ስለ እህት የሚጠይቀው ሰውዬ እኔ እሆን ነበር። ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነበውም ስለምስማማበት አይደለም። ማርጋሬት ሆብሃውስም ከልጇ ጋር አልተስማማችም። ከኩዌከር ወንዶች አንድ ሦስተኛው ዘምተዋል፤ የዘማች አባት የሆነ ኩዌከር ግን የሌላውን ሰው እምቢተኛ ልጅ ከሚጠይቅ ማኅበር አልወጣም።

በአማርኛችን ጥሩ ነገር አለ። «ጠየቀ» ስንል ጥያቄ አቀረበ ማለት ነው፤ የታመመን፣ የታሰረን ሄዶ አየ ማለትም ነው። ችሎቱ እነዚያን ሰዎች ጠየቃቸው። ኩዌከሮቹም ጠየቋቸው። ቃሉ አንድ ነው። የመጀመሪያው ለመፍረድ ነው፤ ሁለተኛው ጥፋተኛ ነህ አይደለህም ሳይል ደኅና አድረሃል ወይ ብሎ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ጎበዞች ነን። አንድ ሰው በአቋሙ ምክንያት ሲታሰር የማን ወገን ነው ብለን እናጣራና የኛ ካልሆነ «ይበለው» እንላለን። ጠያቂ የምንሆነው ለወገናችን ብቻ ከሆነ ያ መጠየቅ ሳይሆን ሰልፍ ነው።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የምነግረው መልስ ይህ ነው። ጠያቂ ነበራቸው። ቁጥራቸው 20,000 የማይሞላ ትንሽ ማኅበር፣ ራሱ በጉዳዩ ላይ የተከፋፈለ፣ ስማቸውን ጽፎ ያሉበትን ፈልጎ ሄደ። አብዛኞቹን አላስፈታቸውም። ሄዶ አብሯቸው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በሐሳቡ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አልቀየምም። በሕይወታችሁ የማትስማሙበትን ሰው እስር ቤት ሄዳችሁ የጠየቃችሁ ካላችሁ ደግሞ እሱን በተለይ ጻፉልኝ። ለተማሪዎቼ ላነብላቸው እፈልጋለሁ።